ጠርሙሱን ልስጣት ወይስ ልጣለው?

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኩታ «ሲስተር፣ ይህን ለእማዬ ልስጣት ወይስ ልጣለው?» ብላ አንድ ጠርሙስ አቀበለችኝ። የሞርፊን ሽሮፕ ነው። እናቷ የጡት ካንሰር ታማሚ ናቸው፤ ሕመሙ ወደ አጥንታቸው ከዘለቀ ወዲህ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ነው የሚያነጉት። ልጅቷ ግን «በሽታ የመከላከል አቅምን ይገድላል» ሲባል ሰምታ ጠርሙሱን ሳትከፍት ቁም ሣጥን ውስጥ ሸሽጋው ኖሯል።

የሰማችው ፈጽሞ ውሸት አይደለም። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይንና ትራማዶል የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፤ ጉልበታቸው ግን ይለያያል። ካንታኩዜን የተባለ ሮማንያዊ ሐኪም በ1898 እ.ኤ.አ. ሞርፊን ጀርም የሚውጡትን ነጭ የደም ሴሎች እንደሚያዳክም በእንስሳት ላይ አሳይቷል። በ2018 የወጣ የአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ጥናትም እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ለከባድ የኒሞኮከስ ኢንፌክሽን ይበልጥ እንደሚጋለጡ አመልክቷል።

በዚያ ላይ ሳልን ይገታሉ፤ አክታ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከቀዶ ሕክምና የወጣን ሰው ትራስ አሳቅፌ «በል ሳል!» ስል የኖርኩት ለዚሁ ነው። (ብዙዎች ጨካኝ ይሉኝ ነበር።)

ነገር ግን ያልታከመ ሥቃይም ዝም ብሎ አይቀመጥም። እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን ያንራል፤ ይህም በተራው የመከላከል አቅምን ይጎዳል። ስለዚህ «ስጪያቸው» አልኳት። ሐኪሙ እንዳዘዘው በየ4 ሰዓቱ፣ በመለኪያው፣ የሆድ ማለስለሻውም አብሮ። ትኩሳት ከመጣ ወይም አተነፋፈሳቸው ከተለወጠ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት፣ አልኳት።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የሰፈራችን ጎረምሶች ትራማዶል ያለ ማዘዣ እየገዙ፣ ለወገብ ሕመም ብለው ጀምረው ወራት ይወስዱታል። ከመካከላቸው አንዱ ሲያስለው ቢሰነብትም «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» ብሎ ምርመራ አልሄድም አለኝ። እጁን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ የሳንባ ምች ነበር።

ልጅቷ ያን ምሽት ሽሮፑን ለክታ ሰጠች። ጠዋት ቡና ስትጠራኝ እናቷ ገና ተኝተው ነበር። እንደ ልማዴ አጠገባቸው ተቀምጬ ትንፋሻቸውን በሰዓት ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 16።