ስለ ታመመ ፍላሽ ዲስክና በውስጡ ስላለው የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ

ቀድሞ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይገኝ የነበረው የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ዛሬ ከአውራ ጣት በማትበልጥ ፍላሽ ዲስክ ውስጥ እንደሚቀመጥ አንባብያን ሁሉ ያውቁታል። ይህች ዕቃ ስትታመም የሚጠፋው የሠርጉም የልደቱም የሙታኑም መልክ ባንድነት ስለ ሆነ፥ ስለ ሕክምናዋ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን።

በአሰላ ከተማ ወደ አንዲት እናት ቤት ሄደን ነበር። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ በርትቶ በምድጃው ዙሪያ ተቀምጠን ሳለን፥ የልጃቸውን ሠርግ ሊያሳዩን ፍላሹን ከኮምፒዩተር ላይ ቢያሰኩት «በዚህ ዲስክ ላይ ችግር አለ፤ ይመርመርና ይጠገን?» የሚል ቃል ወጣ። ለካስ ባለፈው ጊዜ ሥራው ሳያልቅ ተነቅሎ ኖሯል። የጎረቤት ወጣት «እማማ፥ ምን ልበለው?» ሲል፥ እናቲቱ «ይጠገን ካለማ ይጠገን እንጂ ልጄ» አሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መጠገኑ ተነገረ፤ የሠርጉ ፎቶግራፍ ግን አልነበረም።

ይህ እንዴት ይሆናል? አሰላ የብቅል ፋብሪካ ያላት ከተማ ናትና ስለ ገብስ መጋዘን ለሕዝብዋ ማስረዳት አያስፈልግም። ኩንታሉ በመጋዘን ይደረደራል፤ የማን እንደ ሆነና በየት እንዳለ የሚያሳውቀው ግን የጠባቂው መዝገብ ነው። በፍላሽም ውስጥ ፎቶግራፉ ተቈራርሶ በየክፍሉ ሲቀመጥ፥ ስሙና ስፍራው በመዝገብ ይጻፋል። ፋት የተባለው መዝገብ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 በማይክሮሶፍት ድርጅት ተጀመረ፤ በ1996 የወጣው ፋት 32 ሰንጠረዡን በሁለት ግልባጭ ሲይዝ፥ በ2006 የወጣው ኤክስፋት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ይይዛል። ፍላሹ እየተጻፈበት ሳለ ቢነቀል ወይም መብራት ቢጠፋ፥ መዝገቡ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ጥገና የሚባለው ሥራ የሚያቃናው መዝገቡን ነው እንጂ ፎቶግራፉን አይደለም። ባለቤቱ ያልታወቀ ኩንታል ሲያገኝ ስሙን ፍቆ፥ ቁጥር ሰጥቶ፥ ወደ አንድ የተሰወረ ማኅደር ይጥለዋል። የተበላሸ መስሎ የታየውንም ያለ ርኅራኄ ይቈርጠዋል። በእናቲቱም ፍላሽ የሆነው ይኸው ነው። አንዲት ተማሪ የተሰወረውን ማኅደር አግኝታ፥ ቁጥር ብቻ ለነበራቸው ፋይሎች የፎቶግራፍ ቅጥያ ብትሰጣቸው ብዙዎቹ ተከፈቱ። ከሠርጉ በኋላ ያረፉት አያት ሙሽሮቹን ሲመርቁ የሚያሳየው ፊልም ግን አልከፈተም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቃል የወጣበት ሰው አስቀድሞ «አይሆንም» ብሎ የሚከፈተውን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገልብጥ። የማይከፈት ካለ፥ ባለሙያ የፍላሹን ይዘት እንዳለ በሌላ ዲስክ ቀድቶ በቅጂው ላይ ይሥራ። ከዚያ ወዲያ በዲስኩ ምልክት ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ፥ ቀጥሎም ቱልስ፥ ቀጥሎም ቼክ በሚለው ማስጠገን ነው። «ፎርማት ይደረግ» የሚል ቃል ቢመጣ ደግሞ ከቶ እሺ አይባልም፤ አሮጌውን መዝገብ ጥሎ ባዶ መዝገብ ይከፍታልና። ኮምፒዩተሩ ጨርሶ የማያውቀው ፍላሽ ሕመሙ የመዝገብ ሳይሆን የአካል ነው፤ በዚህ መንገድ አይድንም። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚዛመተው ፋይሉን ሰውሮ አቋራጭ ምልክት ብቻ የሚያሳየው ቫይረስም ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ጊዜ ፎቶግራፉ ተደበቀ እንጂ አልጠፋም።

እናቲቱ የተረፈውን በሁለት አዲስ ፍላሽ አስቀድተው፥ አንዱን ኢተያ ላለችው እኅታቸው ላኩ። አሮጌውን ግን፥ በላዩ አዲስ ነገር ሳይጻፍበት አንድ ባለሙያ የአያቱን ምርቃት ይፈልግላቸው እንደ ሆነ ብለው፥ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አኖሩት።