ሕንጻ በብርሃን ይለካል

መሬት በገመድ እንለካለን። ጨርቅ በክንድ እንለካለን። ረጅም ሕንጻስ ከነቅርጹ በምን ይለካል? በብርሃን ይለካል። እንዴት? አብረን እንይ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

በፈረንሳይ አገር፣ በፓሪስ ከተማ፣ ኖትር ዳም የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ዕድሜው ከ850 ዓመት በላይ ነው። በ2010 አንድሩ ታሎን የሚባል አሜሪካዊ መምህር በሌዘር ለካው። ሌዘር ቀጭን የብርሃን ጨረር ነው። መሣሪያው ጨረሩን ይልካል። ጨረሩ ግድግዳ ነክቶ ይመለሳል። መሣሪያውም ርቀቱን ያሰላል። ታሎን መሣሪያውን ከ50 በሚበልጡ ቦታዎች አቆመ። ከ1 ቢሊዮን በላይ ነጥቦች ለካ። ነጥቦቹ በኮምፒዩተር ተገጣጠሙ። የሕንጻው መልክ ሳይቀር ወጣ።

ታሎን በ2018 ሞተ። በ2019 ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ። የእንጨት ጣሪያው ነደደ። ሹሉ ጉልላት ወደቀ። ታሎን ይህን አላየም። ልኬቱ ግን ቀርቶ ነበር። ከሌሎች ልኬቶችና ሥዕሎች ጋር ሆኖ ሠራተኞቹን ረዳ። በ2024 ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ተከፈተ።

የእኛም የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ተለክተዋል። የለኳቸው የደቡብ አፍሪካው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ናቸው። የላሊበላ ቤቶች ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ዝናብና ፀሐይ አለቱን ይጎዱታል። የድሮው ልኬት ካለ፣ አዲስ ለክቶ ማመሳከር ይቻላል። ስንጥቁ ሰፋ ወይስ አልሰፋም? ያኔ ይታወቃል።

ልኬት ድንጋይ አይጠግንም። የሚጠግነው ሰው ነው። ጠጋኙ ግን የቱ ድንጋይ የት እንደነበረ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ሕንጻ የሚለካው ቆሞ ሳለ ነው። ከወደቀ በኋላ ምኑ ይለካል?