ወላጆቹን በኤድስ ያጣ ሕፃን ሁሉ ሕሙም ነውን?

በአምባ ጊዮርጊስ፣ እንዲሁም ከዚያ ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ መንደሮች፣ ወላጆቹን በኤድስ ያጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በአያት ወይም በአክስት እጅ ያድጋል። አሳዳጊዎቹን የሚያስጨንቃቸውም አንድ ጥያቄ ነው፤ «ልጁስ ይኖርበት ይሆን?» አንዳንዶች መልሱን ሳያውቁ የልጁን ሳህን ይለያሉ፤ መኝታውንም ያርቃሉ። ይህ በየቲም ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው፤ ቫይረሱም በማዕድ፣ በመኝታና በመተቃቀፍ አይተላለፍም።

ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ነው። እናቲቱ ምንም ሕክምና ባታገኝ እንኳ ከ100 ሕፃናት የሚያዙት ከ15 እስከ 45 ያህሉ ናቸው፤ የሚበዙት ነፃ ሆነው ያድጋሉ ማለት ነው። መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ደግሞ ቁጥሩ ከ5 በታች ሊወርድ ይችላል። እንግዲህ ያለ ምርመራ በግምት መፍረድ ከየት የመጣ ነው?

ምርመራውም የራሱ ሥርዓት አለው። በእናቲቱ ደም ውስጥ ቫይረሱን ለመከላከል የተፈጠሩት ፀረ እንግዳ አካላት ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፉ እስከ 18 ወር ድረስ በደሙ ሊቆዩ ይችላሉ። የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው እነዚህን በመሆኑ ያልተያዘውን ሕፃን የተያዘ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ ከተወለደ በ6 ሳምንቱ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሌላ ምርመራ ይደረግለታል። ጡት ካቆመ በኋላም ምርመራው ሊደገም ይገባል።

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ብዙ ወላጆች ያለቁት በዚህ መካከል ነው። ልጆቻቸው ግን ዛሬ መድኃኒቱን እየወሰዱ አድገው ለወግ ለማዕረግ ሊበቁ ይችላሉ።

መድኃኒቱ ቫይረሱን እንዳይባዛ ያግደዋል እንጂ ከሰውነት ጠርጎ አያወጣውም። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት መወሰድ ያለበትም ለዚህ ነው፤ እየተቆራረጠ ሲወሰድ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ከዚያም ያው መድኃኒት አይሠራም። አሳዳጊዎች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሲፋፋ «ዳነ» ብለው ይተዋሉ፤ ወይም የአጨዳው ሥራ ያዘናጋቸዋል። ልጁም ከፍ ሲል «ለምንድን ነው እኔ ብቻ የምውጠው?» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን መደበቅ አይበጅም፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ እንደ አእምሮው ብስለት ቀስ በቀስ ሊነገረው ይገባል። ያልተነገረው ልጅ ከጎረቤት ይሰማል፤ መድኃኒቱንም በስውር ይጥላል።

የረመዳን ጾምን በተመለከተ፣ ዛሬ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ናቸው። ለአቅመ ጾም የደረሰ ልጅ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ማዛወር ይችል እንደሆነ ወሩ ከመግባቱ በፊት የጤና ባለሙያውን ይጠይቅ።