ዝንጅብል የገባበት አቦል ወባ አያድንም

ከአብርሃ ጅራ እስከ መተማ ባለው ቆላ ቡና በሁለት ወግ ይፈላል። የደጋው ወግ ቡናውን ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በጀበና አንተክትኮ፣ እስኪሰክን ጠብቆ መቅዳት ነው። በሱዳኑ ወግ ዝንጅብል አብሮ ይወቀጣል፤ ስኳሩ ይበዛል፤ በጀበናው አፍ የሚወተፈው የዘንባባ ጭረትም አተላውን ያስቀራል። የቱ ይጣፍጣል ለሚለው እንደ ጠጪው ነው። «ዝንጅብል የበዛበት ወፍራም አቦል ትኩሳትን በላብ ያወጣል» የሚለው ግን የጣዕም ክርክር አይደለም፤ ሰው ይገድላል።

እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ፣ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሀራራው ራሱን ያመዋል፤ አንድ ሲኒ ሲጠጣ ይለቀዋል። ዝንጅብልም ማቅለሽለሽን ያስታግሳል። ችግሩ ወባም በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ መጀመሩ ነው። ቡናው ስሜቱን ያለዝባል እንጂ ደም ውስጥ የገባውን ተውሳክ አይነካም። የወባ ትኩሳት ደግሞ በባሕርዩ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ ከዚያ በላብ ይበርዳል፤ ቆይቶም ይመለሳል። ያ ላብ ከበሽታው የመጣ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለጀበናው ይሰጣል። ፋልሲፓረም የሚባለው ዝርያ ግን ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊጸና ይችላል። «እኔ ጠጥቼ ድኛለሁ» የሚል አይጠፋም። ሕመሙ ሀራራ ወይም ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ ወባም ከነበረ፣ ቆላ ተወልዶ ያደገና ደጋግሞ የታመመ ሰው በከፊል ይቋቋመዋል። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ግን ይህ አቅም የለውም፤ የሚመጣውም ወባ በሚበረታበት ወቅት ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «መጀመሪያ ቡና ጠጣና እንየው» ብሎ መምከር ደግነት አይደለም። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ የቀን ደመወዝም ይቀራል የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን የመንገዱ ርቀት ቶሎ ለመነሣት እንጂ ለመዘግየት ምክንያት አይሆንም።

ሌሎቹ እምነቶች ይህን ያህል አይጎዱም። አክርሮ መቁላት ምሬቱን ይጨምራል እንጂ ካፌይኑን እምብዛም አይለውጠውም። በረካ ቀጭን ነው፣ ለነፍሰ ጡር ምንም አያደርግም ይባላል፤ አብዛኛው ካፌይን በአቦሉ መውጣቱ ልክ ነው፣ ሆኖም በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ጥቂቱም ይጠራቀማል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል። ኮሌስትሮል ያለበት ሰው ደግሞ በወረቀት የተጣራ ቡና ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ጭረቱ አተላውን እንጂ ኮሌስትሮል የሚጨምረውን የቡናውን ቅባት አያስቀርም።

ትኩሳት የያዘው ሰው ቡናውን ይጠጣ፣ የሚከለክለው የለም፤ ግን በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር። ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ከታዘዘለትም ቢሻለው እንኳ በ3 ቀን ስድስቱንም ጊዜ፣ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር፣ ወስዶ ይጨርስ።