ዝሆኔ በዘር ይተላለፋልን?

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በአንጋጫም ሆነ በሽንሺቾ፣ ሽማግሌ ልኮ ልጅ ከማስጠየቅ በፊት በየቤቱ የሚደረግ አንድ ጸጥ ያለ ምክክር አለ። የልጅቷ ጠባይ ይነሣል። ሶላቷ፣ ትምህርቷ፣ የእናቷ እንግዳ አቀባበል ሳይቀር ይነሣል። በመጨረሻም ከአክስቶች አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ ዘራቸው እንዴት ነው?» ትላለች። ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ጎሳ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስለ እግር ነው። የልጅቷ አባት ወይም አያት እግሩ ያበጠ፣ ሕዝቡ «ዝሆኔ» የሚለው ሕመም ያለበት ከሆነ ምክክሩ እዚያው ያበቃል። ሽማግሌ አይላክም። ልጅቷም በምን ምክንያት እንደቀረች ማንም ፊት ለፊት አይነግራትም።

ውድ አንባቢያን! ስለዚህ ጉዳይ በየሰፈሩ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንደኛው ወገን «ደማቸው የተበላሸ ነው፤ የነካ ሁሉ ይወርሳል» ይላል። ሌላው ደግሞ ለማጽናናት ብሎ «በዘር የሚባል ነገር የለም፣ ወሬ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነቱን አላገኙትም። እውነቱ ከሁለቱም የሚለይ፣ ትንሽ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ነው።

ዘር ይስባል ማለት ለእስልምና እንግዳ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ አንድ የገጠር ዐረብ ወደ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደች ተናገረ፤ በልቡ ጥርጣሬ ገብቷል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሎች እንዳሉት ጠየቁት። አሉኝ አለ። ቀለማቸውን ጠየቁት፤ ቀይ ናቸው አለ። ከመካከላቸው አመድማ እንዳለ ጠየቁት፤ አለ አለ። ያ ከየት መጣ ሲሉት፣ ምናልባት የቀድሞ ዘሩ ስቦት ይሆናል ብሎ ራሱ መለሰ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ያንተም ልጅ እንዲሁ ሊሆን ይችላል አሉት። አንድ ጠባይ ከአያት ተደብቆ አልፎ በልጅ ልጅ ላይ ሊወጣ እንደሚችል ሰውየው ከራሱ ግመሎች እንዲረዳ አደረጉት ማለት ነው። ልብ በሉ፤ የዘርን ነገር ያነሡት ቤት ለማፍረስ ሳይሆን ቤት ለማዳን ነው።

አሁን ወደ እግሩ እንመለስ። በደጋና በወይና ደጋ አገራችን የሚታየው ይህ የእግር እብጠት በሳይንስ ስሙ «ፖዶኮኒዮሲስ» ይባላል። በቆላ አገር በወባ መሰል ትንኝ አማካይነት ከሚመጣው፣ በትል ምክንያት ከሚከሠተው ሌላው ዝሆኔ የተለየ ነው። የኛው ከታች ከእግር ጣቶችና ከውስጥ እግር ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ከጉልበት በላይ የሚያልፈው ጥቂት ጊዜ ነው። ከሰው ወደ ሰው በመንካት፣ አብሮ በመብላት ወይም አብሮ በመተኛት ፈጽሞ አይተላለፍም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ እየተዘዋወሩ ባደረጉት ጥናት መነሻው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር እንደሆነ አሳዩ። ዝናብ የሚበዛበት፣ ከባሕር ወለል ከ1000 ሜትር በላይ የሆነ ቀይ ሸክላ አፈር ነው። በዚህ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ዓይን የማያያቸው የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው በኩል ይገቡበታል። ሰውነትም እንደ ጠላት ይቆጥራቸውና ይቆጣል፤ ቁጣው ፈሳሽ የሚያመላልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ይዘጋቸዋል፤ እግር ያብጣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ በተካሄደ ጥናት በበሽታው የተያዙ ኢትዮጵያውያን ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ተገምቷል። በጊዜው ሐዲያን፣ ከምባታንና ወላይታን አንድ ላይ ይዞ በነበረው የደቡብ ክልል ከተመረመሩት አዋቂዎች መካከል ከመቶ 8 ያህሉ ታመው ተገኝተዋል፤ ይህም ከሌሎቹ ክልሎች ሁሉ የበለጠ ነበር። እንግዲህ ነገሩ የአንድ የተረገመ ቤት ነገር ሳይሆን የመሬታችን ነገር ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀራል። በዚያው ቀይ አፈር ላይ፣ በዚያው ባዶ እግር ሺዎች እየሄዱ ለምን ጥቂቱ ብቻ ይታመማል? አክስትየዋ የያዘችው ቁራሽ እውነት እዚህ ላይ ነው። በወላይታ የታማሚ ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመታመም ዕድል ከሌላው ሰው ወደ አምስት እጥፍ እንደሚሆን አሳየ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ፋሲል ተኮላና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ እነፕሮፌሰር ጌል ዴቪ ጭምር፣ በወላይታ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን መርምረው ልዩነቱ በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ «ኤች.ኤል.ኤ.» በሚባለው የጂኖች መንደር ውስጥ እንደሆነ አገኙ። ይህ መንደር ሰውነታችን የራሱን ከባዕዱ የሚለይበትን ምልክት የሚሠራ ነው። ምልክቱ ከሰው ሰው ይለያያል። ኩላሊት ለመለገስ መጀመሪያ ወንድምና እህት የሚመረመሩት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የአንድ እናትና አባት ልጆች እንኳ ሙሉ በሙሉ የመመሳሰላቸው ዕድል ከአራት አንድ ነው። አንዳንዱ የምልክት ዓይነት ያለው ሰው ለአፈሩ ቅንጣት ከልክ በላይ ይቆጣል፤ ሌላው ዝም ብሎ ያሳልፈዋል።

እዚህ ላይ እንደ መምህር አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እወዳለሁ፤ ቁጥር ሲነገር ሰው ቶሎ ይደነግጣልና። ያው የ2007ቱ ጥናት በበሽታው ከሚታየው ልዩነት 63 በመቶ የሚሆነው ከውርስ ጋር የተያያዘ ነው ብሏል። ይህን የሰማ ሰው «ከመቶ ልጆቻቸው 63ቱ ይታመማሉ» ብሎ ሊወስደው ይችላል። ፍጹም አይደለም! ቁጥሩ የሚናገረው ሁሉም በባዶ እግር በሚሄድበት አገር አንዱ ታሞ ሌላው ያልታመመበት ልዩነት ምን ያህሉ ከውርስ እንደሚመጣ ነው። ስለ አንድ ልጅ ዕጣ ፈንታ የሚናገረው የለም። ያንን የጂን ዓይነት ከያዙት ብዙዎቹ ጤነኞች ናቸው። ያቺ «ዘራቸው እንዴት ነው?» ብላ የጠየቀችው አክስት ራሷ ይዛው ሊሆን ይችላል። ሕመሙ እንዲወጣ ሁለት ነገር መገናኘት አለበት፤ የተወረሰው ጠባይና ባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ። አንዱን ብትነሡት ሌላው ብቻውን ምንም አያደርግም። ጂኑን መንሣት አንችልም፤ ጫማ ግን በየሱቁ አለ።

ለዚህ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ይህ በሽታ በአንድ ወቅት በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ፣ እንዲሁም በአውሮፓ በስኮትላንድ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ ነበር። ዛሬ የለም። በጋብቻ ምርጫ ዘራቸውን አጥርተው አይደለም የጠፋው፤ ሕዝቡ ጫማ ስላደረገ ነው።

ተማሪዎች ይህን ስንማር «ቲቸር፣ ታዲያ መጥፎ ጂን ከሆነ ለምን እስከ ዛሬ ኖረ?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሊቃውንቱ የሚሰጡት መልስ በ«ኤች.ኤል.ኤ.» መንደር ውስጥ መጥፎ የሚባል ነዋሪ ያለመኖሩ ነው። ለአፈር የሚቆጣው ዓይነት ለሌላ ተውሳክ ጥሩ ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ተውሳኮቹ ብዙ ስለሆኑና ስለሚለዋወጡ አንድ ሕዝብ ልዩ ልዩ ምልክት ያላቸው ሰዎች ቢኖሩት ሁሉም በአንድ ወረርሽኝ አያልቅም። ልዩነቱ ራሱ የሕዝቡ ጥበቃ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ ከማሳ መረዳት ይቀላል። የሌሞ ገበሬ ዋግ ምን እንደሆነ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ «ኩብሳ»ን የመሰሉ በሰፊው የተዘሩ የስንዴ ዓይነቶችን በብዙ የአገሪቱ ክፍል ካጠቃ በኋላ ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው «ዲገሉ» ዞረ። ጥሩ ስንዴ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን በባሌና በአርሲ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነሣና በ2013 ዲገሉን አጨደው። ዋጉ ባሕርዩ ተለውጦ ነበር፤ ስንዴው ግን ማሳ ለማሳ አንድ ዓይነት ስለነበር የሚተርፍ አልነበረውም። እንሰቱን ደግሞ ተመልከቱ። እንሰት የሚባዛው ከሥሩ ከሚያቆጠቁጠው ችግኝ ነው፤ ከአንዲት እናት የወጡት ሁሉ ፍጹም አንድ ናቸው። የሐዲያና የከምባታ እናቶች ግን በአንድ ጓሮ አንድ ዓይነት ብቻ አይተክሉም፤ ይህኛው ለቆጮ፣ ያኛው ለአሚቾ፣ ሌላው ለቃጫ፣ ሌላው ደግሞ ለመድኃኒት እያሉ በስም ለይተው ብዙ ዓይነት ዌሳ ያቆያሉ። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1968 ለይተው ያወቁት የእንሰት አጠውላጊ በሽታ ጓሮ ሲገባ አንዳንዱ ዓይነት ወዲያው ይሞታል፣ አንዳንዱ ታሞ ያገግማል። ያገገመው ለሚቀጥለው ዓመት ችግኝ ይሰጣል። በአረካ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ከ600 በላይ የእንሰት ዓይነቶችን ሰብስቦ የሚያቆየውም በከንቱ አይደለም።

በሰውም ላይ ይኸው ነው። በሰሜን ተራሮች ከ3500 ሜትር ከፍታ በላይ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አየሩ ቀጭን ሆኖ ሳለ ደማቸው የያዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። ለአካባቢው የሚመች ጠባይ ያለው በዛ፣ ከትውልድ ትውልድም የሕዝቡ መልክ ተለወጠ። ባዮሎጂ «ዝግመተ ለውጥ» ከሚላቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ይህን ስንናገር የሚደነግጡ ወላጆች አሉ። የአባታችን የአደም (ዐ.ሰ.) አፈጣጠር በወሕይ የምናውቀው ነው፤ የስንዴና የዋግ፣ የቆላና የደጋ ሕዝብ ነገር ደግሞ በዓይናችን የምናየው የአላህ (ሱ.ወ.) ሥራ ነው። ልጆቻችን ይህን በክፍል ሲማሩ ከእምነታቸው እንደተጋጩ አድርገን አናስጨንቃቸው።

ስለ ጋብቻ የቀረ አንድ ነገር አለ። በሐዲያና በከምባታ ባህል የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡም። በሸሪዓችን ደግሞ የአጎትና የአክስት ልጅ ማግባት የተፈቀደ ነው። አንዳንድ ወጣቶች ባህሉን «የጃሂሊያ ነገር ነው» ሲሉ ይሰማል። የተፈቀደ ግን የታዘዘ ማለት አይደለም። ከሩቅ መጋባት ተደብቀው የሚወረሱ አንዳንድ በሽታዎች በአንድ ልጅ ላይ እንዳይገናኙ ይረዳልና ባህሉን ሐራም የተባለ ሕግ ሳናደርገው ማክበር እንችላለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጋብቻ የመጣው ሰው ሃይማኖቱና ጠባዩ ከተወደደ እንዲዳር አዘዋል። የአባቱ እግር በመስፈርቱ ውስጥ የለም።

ሕመሙ የጀመረውም ቢሆን ተስፋ አለው። በየቀኑ እግርን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በጣም በቀጠነ የበረኪና ውሃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲያርፉም እግርን ከፍ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የወጣ ጥናት ይህ ቀላል እንክብካቤ ትኩሳት ያለውን የእግር ቁጣ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በቶሎ ከተጀመረ እብጠቱ ይቀንሳል። ሶዶ ላይ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ የተቋቋመ ማኅበር ለታማሚዎች በልካቸው ጫማ ሲያሠራ ቆይቷል፤ ያበጠ እግር የሱቅ ጫማ አይገባለትምና።

ለሙስሊም ቤተሰብ ግማሹ ሥራ አስቀድሞ የተሠራ ነው። ተረከዝን ያላዳረሰ ውዱእ የጎደለ እንደሆነ፣ በጣቶች መካከልም ውሃ ማስገባት ሱና እንደሆነ ከመድረሳ የወጣ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ችግሩ ያለው ከታጠበ በኋላ ነው። በብዙ የገጠር መስጊዶች የውዱእ ቦታው ጭቃ ነው፤ ታጥቦ በባዶ እግር በቀይ ጭቃ ላይ ተሻግሮ የሚገባ ሰው ያጠበውን መልሶ አፈር አስነካው። እግሩ የቆሰለና የታሸገ ታማሚ በማሸጊያው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ እንደተፈቀደለትም የሚነግረው አያገኝም፤ ዝርዝሩን ከዐሊም ይጠይቅ። ሽታውን ፈርቶ ከጀማዓ የቀረ አዛውንት በየመንደሩ አለ።

የመስጊድ ኮሚቴዎች በውዱእ ቦታው ላይ ጠጠር ወይም ሲሚንቶ ቢያስደርጉ፣ ከበርሜሉ አጠገብ ሳሙና፣ ከበሩም እስከ ምንጣፉ የሚያደርስ አሥር ጥንድ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ቢያስቀምጡ ወጪው ከአንድ ድምፅ ማጉያ ያነሰ ነው። ልጆችም ቁርኣን ሊቀሩ ሲመጡ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ሳይሆን በእግራቸው አድርገው እንዲመጡ ኡስታዞች ቢጠይቋቸው መልካም ነው፤ አፈሩ ሥራውን የሚጀምረው በነሱ ዕድሜ ነውና።