ሙቀትና ብርድም የእኩልነት ጥያቄ ናቸው

እንደሚታወቀው የትምህርት እኩልነት በፈተና ውጤትና በመጻሕፍት ስርጭት ብቻ አይለካም። ተማሪው የሚቀመጥበት አዳራሽና የሚያድርበት ክፍል ሙቀትም የዚሁ ጥያቄ አካል ነው።

ተጨባጩን ሁኔታ እንመልከት። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መዲና የሆነችው ከሚሴ በቦርከና ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወጣቷ አውራ ጎዳናውን ይዞ ወደ ደቡብ ቢጓዝ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ሰሜን ቢጓዝ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ሁለቱም በ1999 ዓ.ም. የተቋቋሙ ናቸው። በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ ወደ ደጋ ይወጣል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ8 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይኖራል።

ስለዚህም በአንድ አዳራሽ የደጋው ልጅ ተመችቶት ሲጽፍ የቆላው ልጅ እጁ ቢደነዝዝ፣ ይህን እንደ ስንፍና ወይም እንደ ቅምጥልነት መቁጠር ከሐቅ የራቀ ነው። የዴንማርኩ ሊቅ ኦሌ ፋንገር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ የምቾት ስሜት በስድስት ነገሮች እንደሚወሰን አስረድቷል፤ እነርሱም የአየሩ ሙቀት፣ ከግድግዳና ከጣሪያ የሚመነጭ ግለት፣ እርጥበት፣ ነፋስ፣ ልብስና የሰውነት እንቅስቃሴ ናቸው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ የኖሩበት አየር ልማድና መስኮትን እንደፈለጉ የመክፈትና የመዝጋት ነፃነት ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አሳይተዋል።

ከዚህ የምንደርስበት ድምዳሜ ግልጽ ነው። ለሁሉም የሚስማማ አንድ የሙቀት ልክ የለም፤ ሁሉም ራሱን የሚያስማማበት ሕንፃ ግን መሥራት ይቻላል። ራቁቱን የተተወ የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ኮርኒስ ሲለብስ ሁለቱም ይቀንሳሉ። በደጋ የበርና የመስኮት ስንጥቅ ይደፈን፣ የጠዋት ፀሐይ ይግባ። በከሚሴ በኩል ደግሞ ጥላና ከመስኮት ወደ መስኮት የሚያልፍ ነፋስ ይቅደም።

ግንበኛውና አናጺው ይህን ሲያውቁ የሥራቸው ጥራት የተማሪው ጤንነት መሆኑን ይገነዘባሉ። የአካባቢ ማኅበራትም ልጆቻቸውን ወደ ደጋ ሲሸኙ ከምርቃቱ ጋር ጋቢና ብርድ ልብስ ማሟላታቸውን አይዘንጉ። ከቆላም ከደጋም የመጣው ወጣት በአንድ ጣሪያ ሥር እኩል እንዲማር፣ ጣሪያው ራሱ ለሁሉም እኩል መሆን ይኖርበታል።