የእርሻ ትምህርት ፊልም በዲቪዲ ሲገለበጥ የሥዕሉን መጠን ስለ ማስተካከል

የስንዴ ዋግ እንዴት እንደሚታወቅ የሚያስረዳ ፊልም አስነሥተው፣ በዲቪዲም አስገልብጠው ለገበሬው ለማሳየት ያሰቡ የየወረዳው ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ይህን ጽሑፍ አስተውለው ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል። የስልክ መረብ በማይደርስበት ቀበሌ ቴሌቪዥንና የዲስክ ማጫወቻ ካለ ዲቪዲ ዛሬም ያገለግላል። ነገር ግን ሕዝቡ ከሩቅ ተጉዞ ከተሰበሰበ በኋላ ማጫወቻው ዲስኩን አላነብም ያለ እንደ ሆነ፣ የባከነው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ለሁለተኛው ጥሪ መምጣቱም ያጠራጥራል።

ምክንያቱም ይህ ነው። ዲቪዲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በጃፓን ለገበያ ሲወጣ የሚቀበለው የሥዕል መጠን ተወስኖ ነበር። ኢትዮጵያ በአናሎግ ቴሌቪዥን ዘመን የተከተለችው ፓል የሚባለውን ሥርዓት ስለ ሆነ፣ የሚስማማን ሙሉ መጠን በወርድ 720 በቁመት 576 ነጥብ፣ በ1 ሴኮንድም 25 ሥዕል ነው። ያሁኑ ስልክ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው በ1920 በ1080 ነው። ስለዚህ ፋይሉን እንዳለ በዲስክ ላይ መገልበጥ አይበቃም፤ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ወደ ተወሰነው መጠንና ኤምፔግ 2 ወደሚባለው ዓይነት መለወጥ፣ ድምፁንም በ48 ሺሕ ኸርዝ ማድረግ ያሻል። ኤፍ ኤፍ ኤምፔግ የሚባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም ለፓል ዲቪዲ የተዘጋጀ ትእዛዝ ስላለው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። ከዚያ በኋላ ዲቪዲ ስታይለርን በመሰለ ፕሮግራም ዲስኩን ማሰናዳት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የነጥቡ ብዛት ነው። 1920 በ1080 ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል፤ 720 በ576 ግን 414,720 ነው። እንግዲህ ሥዕሉ ወደ ዲቪዲ ሲለወጥ የሚተርፈው ልክ አንድ አምስተኛው ነው። ቢጫ ዋግ በቅጠሉ ርዝመት በመስመር የተሰለፉ ጥቃቅን ቢጫ ነቁጦች ሆኖ ይታያል፤ የግንድ ዋግ ደግሞ ቀላ ያለ ቡናማና ረዘም ያለ ነው። ገበሬው አንዱን ከሌላው የሚለየው በእነዚህ ነቁጦች ስለ ሆነ፣ አንሺው በማሳው ዳር ቆሞ ከሩቅ ያነሣው እንደ ሆነ በኮምፒዩተር ደኅና የታየው ቅጠል በዲስኩ ላይ ቢጫ ጭጋግ ብቻ ይሆናል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ በአገራችን ስንዴ ላይ ያደረሰውን ጥፋት የሚያስታውስ ሰው ይህን እንደ ትንሽ ነገር አይቆጥረውም። ስለዚህ ቅጠሉን አቅርቦ የቴሌቪዥኑን መስኮት እስኪሞላ ማንሣት፣ የሚጻፈውንም ቃል በትልልቅ ፊደል ማድረግ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ የጠፋውን ነጥብ መጠኑን መልሶ በማሳደግ ማግኘት አይቻልም።

ሁለተኛው ነገር የወርድና የቁመት ሚዛን ነው። በዲስኩ ላይ ለ16 በ9 ቴሌቪዥንም ሆነ ለ4 በ3 የሚጻፈው ያው 720 በ576 ነው፤ ልዩነቱን ለማጫወቻው የሚነግረው ከሥዕሉ ጋር የሚጻፍ ምልክት ነው። የ16 በ9 ፊልም ምልክቱ ተሳስቶ 4 በ3 ቢባል ሰዉም በሬውም ቀጥኖና ረዝሞ ይታያል፤ ተመልካቹም ስለ ዋግ መስማቱን ትቶ ይሥቃል። ስልክን አቁሞ ማንሣት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ እንዲህ የተነሣ ሥዕል በሰፊው ቴሌቪዥን ላይ የመስኮቱን ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ባለ 4.7 ቢሊዮን ባይት ዲስክ ሥዕሉ በሴኮንድ 6 ሚሊዮን ቢት ሲሆን 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይይዛል፤ ለእርሻ ትምህርት ከበቂ በላይ ነው።

ብዙ ቅጂ ከመገልበጡ አስቀድሞ አንዱን ብቻ አዘጋጅቶ፣ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ሳይሆን በወረዳው ውስጥ እጅግ ባረጀው ማጫወቻ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማየት ይገባል።